ከሌላ ሱቅ የቫዮሊን ደጋን ብንገዛ የሰፈራችንን ባለሱቅ ከዳን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ቫዮሊን የጀመረችው በ8 ዓመቷ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምንከራየውም የምናስጠግነውም ሰፈራችን ካለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ትልቅ ሰው ናቸው። ክር ሲበጠስ ብዙ ጊዜ የእጅ ሳያስከፍሉ ቀይረው ሸኝተውናል። ኮንሰርት ሊደርስ ሲል ከዘጉ በኋላ በር ከፍተውልናል። አምና የራሷን ቫዮሊን የገዛነውም ከእሳቸው ነው። አሁን አስተማሪዋ ‹ደጋኗ ወደ ኋላ እየጎተታት ነው፣ የተሻለ ያስፈልጋታል› አለች። እስከ 1,500 ዶላር አዘጋጅተናል። እሳቸው ጋ በዚህ ዋጋ ያለው አራት ደጋን ብቻ ነው። ሌላ ስቴት ያለ ትልቅ ሱቅ ግን ደጋኖችን ለሙከራ በፖስታ ይልካል ተባልን። ከዚያ ብናስመጣ እሳቸውን መክዳት አይሆንም? የመጣውን ‹እስቲ ይዩልን› ብለን ብንወስድላቸውስ ነውር ነው? ወይስ ዝም ብለን ገዝተን ብንጨርስ ይሻላል?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ልጀምር። ዝም ብሎ ገዝቶ መጨረስ ከሦስቱም የከፋው ነው። አይታወቅም ብለው ከሆነ ይታወቃል። የደጋን ጭራ ያልቃል። በየቀኑ የምትለማመድ ልጅ ቢያንስ በዓመት አንዴ ታስቀይራለች። ስለዚህ ያ ደጋን ዛሬ ባይሆን በስድስት ወሩ፣ በዓመቱ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ማረፉ አይቀርም። ጠጋኝ ደግሞ ደጋን ሲቀበል ዓይኑ ቀድሞ የሚሄደው እጅ ከሚያርፍበት ከጥቁሩ ክፍል፣ ፍሮግ ከሚሉት፣ ከፍ ብሎ ዘንጉ ላይ የተመታው ማህተም ላይ ነው። የሸጠውን ያውቃል። ያልሸጠውንም ያውቃል። ያኔ የሚያስከፋቸው ከሌላ መግዛታችሁ አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ ቤታቸው ሲመላለስ የኖረ ሰው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መቅረቱ ነው።

በአንድ ነገር ግን አይጨነቁ። ከሌላ ሱቅ መግዛት ክህደት አይደለም። በየወሩ ኪራይ ከፍላችኋል። ቫዮሊን ገዝታችኋል። ጥገናውን አስከፍለዋችኋል፤ አንዳንዴ ትተዋል። ይህ እንደማንኛውም ጥሩ ደንበኝነት ሁለቱንም ጠቅሟል። ዕዳ አለብኝ ብለው ከተነሱ ከአራቱ አንዱን በይሉኝታ ይገዛሉ። ልጅቷ አትወደውም። በዓመቱ አስተማሪዋ ያንኑ ቅሬታ ታመጣለች። እርስዎም ከሱቁ ቀስ ብለው ይርቃሉ። ይሉኝታ የሚያመጣውን ጣጣ እኛ ሐበሾች ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ ፊት ለፊት «አልፈለግነውም» ከማለት መንገድ ቀይረን መሄድ ይቀለናል። ባለሱቁ ግን ከመጥፋታችሁ እምቢታችሁን ይመርጣሉ።

አራት ደጋን ብቻ መያዛቸውም ስንፍና እንዳይመስልዎት። ትንሽ የቫዮሊን ሱቅ የሚተዳደረው በኪራይ፣ በክርና በጥገና ነው። ከ1,000 ዶላር በላይ የሆነ ደጋን ቀስ ብሎ የሚሸጥ ዕቃ ነው። አንዱ መደርደሪያ ላይ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊተኛ ይችላል። ሠላሳ አርባ እንዲህ ያለ ደጋን መደርደር ማለት የኪራይና የደሞዝ ገንዘብ መቆለፍ ማለት ነው። ትልልቆቹ ሱቆች ይህን የሚችሉት በመላው አሜሪካ ስለሚሸጡ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ የሙያ ሳይሆን የካፒታል ነው። ይህን ከተረዱ ቀጣዩ እርምጃ ራሱ ይታይዎታል። ያላቸውን አይተው ከመውጣት፣ የሌላቸውን እንዲያመጡ መጠየቅ ነው።

አብዛኛው ሰው ይህ እንደሚቻል አያውቅም። ትናንሽ ሱቆች ከደጋን ሠሪዎች፣ ከጅምላ አከፋፋዮች፣ አንዳንዴም ከሌላ ሱቅ ደጋን በአደራ ያስመጣሉ። ከተሸጠ ይከፍላሉ፤ ካልተሸጠ ይመልሳሉ። ስለዚህ ከማንም በፊት እሳቸው ጋ ይሂዱ። ሱቁ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ልጅቷንም ቫዮሊኗንም ይዘው ይሂዱ። ብዙ ማስዋብ አያስፈልግም። «አስተማሪዋ የተሻለ ደጋን ያስፈልጋታል ብላለች። እስከ 1,500 ዶላር ነው የያዝነው። መጀመሪያ እርስዎ ጋ መጣን። ያሉዎትን እንሞክር። ሌሎችም ማስመጣት የሚችሉ ከሆነ እንጠብቃለን። ካልሆነ ከሌላ ሱቅም ለማየት አስበናል፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብለን ነው» ማለት ይበቃል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በግልጽ የሚደረግ ነው። ብዙ ባለሱቆች ይህን ሲሰሙ አይቆጡም። እንዲያውም «እሱን ሱቅ አውቀዋለሁ፤ የዚህን ሠሪ ደጋን ላኩልኝ ብለሽ ጠይቂያቸው» የሚል አይጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። እንዲያስመጡ ከጠየቋቸው ጊዜ ቆርጠው ይነጋገሩ፤ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ብለው። እሱ እስኪያልፍ ሌላ ጋ አያዝዙ። ይህ ገበያ ጠባብ ነው። ሻጮቹ ይተዋወቃሉ። አንድ ሠሪ ያለው ያው ጥቂት ደጋን ነው። ለእሳቸው ሊላክ የነበረው ደጋን በሌላ በኩል እርስዎ እጅ ሊገባ ይችላል። ይህ ሲሆን ባለሱቁ «ለደንበኛዬ ነው» ብለው በስማቸው የለመኑት ሰው ፊት ያፍራሉ። ከዚያ በኋላ ለእርስዎ ብለው ማንንም አይለምኑም።

ከሌላ ሱቅ ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው? መልሱ ያለው ደጋኑ ከምን በተሠራው ላይ ነው። የካርቦን ፋይበር ደጋን ከሆነ የምትፈልጉት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በፋብሪካ ደረጃ የሚሠራ ስለሆነ አንዱ ሞዴል ከሌላው ወንድሙ እምብዛም አይለይም። የታወቁት ብራንዶች ዋጋም ከሱቅ ሱቅ ብዙ አይለያይም። ኮዳቦው የሚባለውን የሚኒሶታ ኩባንያ ደጋን ሰፈርዎ ቢገዙትም ከሩቅ ቢያስመጡትም ያው ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን ከሩቅ ማዘዝ ትርጉም የለውም። ለእሳቸው ይስጧቸው። ካርቦን ርካሽ ወይም የጀማሪ ነው የሚባለውም ትክክል አይደለም። በዚህ ዋጋ ከብዙ የእንጨት ደጋን የሚበልጥ ካርቦን አለ። ሙቀትና እርጥበት ብዙም አያጣምመውም። ከአውቶቡስ አውቶቡስ ለምትሮጥ የ15 ዓመት ልጅ መጥፎ ምርጫ አይደለም።

እንጨት ሲሆን ነገሩ ይለያል። የዛሬውን የደጋን ቅርጽ ያስያዘው በፓሪስ የነበረው ፍራንሷ ዣቪየር ቱርት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1747 እስከ 1835 የኖረ። እሱና የዘመኑ ሠሪዎች የመረጡት እንጨት ከብራዚል የሚመጣው ፐርናምቡኮ ነው። እስካሁንም የሚመሰገነው እሱ ነው። አንድ ሠሪ ከአንድ ግንድ ሁለት ዘንግ ቢያወጣ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይሆኑም። አንዱ ይጠነክራል፣ ሌላው ይለሰልሳል። አንዱ ክሩ ላይ ቁጭ ይላል፣ ሌላው ይነጥራል። የቫዮሊን ደጋን ክብደት 60 ግራም አካባቢ ነው። ግን 60 ግራም የሚመዝኑ ሁለት ደጋኖች አንዱ ጫፉ ላይ ከከበደ እጅ ላይ ፍጹም ሌላ ናቸው። ስለዚህ የእንጨት ደጋን በስም ወይም በዋጋ አይመረጥም። የሚመረጠው በመሞከር ነው። አራት ብቻ ሞክሮ መወሰን እውነትም ትንሽ ነው። አሥር አሥራ ሁለት መሞከር ይሻላል። ስለዚህ ወደ ውጭ ብታዩ ምክንያት አላችሁ። ባለሱቁም ያውቁታል።

«ከውጭ ይረክሳል» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። ቀድሞ ከሌላ ስቴት የገዛ ሰው የሽያጭ ታክስ ሳይከፍል ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዌይፌር ጉዳይ ከወሰነ በኋላ ትልልቅ ሻጮች የገዢውን ስቴት ታክስ ይሰበስባሉ። ሜሪላንድ 6 በመቶ ነው። በ1,500 ዶላር ላይ 90 ዶላር መሆኑ ነው፤ ሰፈር ቢገዙም ከሩቅ ቢገዙም። በዚያ ላይ የፖስታው መላኪያና መመለሻ አለ። እሱን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ገዢው ነው። እያንዳንዱ ዙር ኢንሹራንስን ጨምሮ በአሥሮች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን መለወጥ የሚሉት ነገር ነው። ብዙ የቫዮሊን ሱቆች ራሳቸው የሸጡትን ደጋን ወይም ቫዮሊን ወደ ላቀ ሲቀይሩ በገዙበት ዋጋ ይቀበላሉ። የሌላ ሱቅ ዕቃ ግን ወይ አይቀበሉም፣ ወይ በቅናሽ ይቀበላሉ። ልጅዎ 15 ዓመቷ ነው። በሙዚቃው ከገፋች በሦስት አራት ዓመት ውስጥ ሌላ ደጋን መፈለጓ የማይቀር ነው። የዛሬው 1,500 ዶላር ያኔ ሙሉ ሆኖ የሚቆጠርላችሁ ከየትኛው ሱቅ ነው? ይህን ከሁለቱም ሱቅ በጽሑፍ ይጠይቁ። ገደብም አለው። ሱቁ ከተዘጋ ወይም ከተሸጠ ቃሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ባለሱቁ ትልቅ ሰው ናቸው ስላሉኝ «ሱቁን ሌላ ሰው ቢረከበው ይህ ይቀጥላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በዚያው የኪራይ ነገርም ያንሱ። በአንዳንድ ሱቅ ከከፈላችሁት ኪራይ የተጠራቀመ ክሬዲት ይኖራል። ብዙውን ጊዜ ለቫዮሊን እንጂ ለደጋን አይሰጥም። ጠይቆ ማወቁ ግን አይጎዳም።

አሁን ወደማይወደድ ጥያቄ ልለፍ። ያንን ትልቅ ሱቅ የነገረቻችሁ አስተማሪዋ ከሆነች፣ ከሱቁ የምታገኘው ነገር አለ ወይ? አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ሱቆች ተማሪ ላከልን ላለ አስተማሪ ከሽያጩ ላይ መቶኛ ይከፍላሉ። ሁሉም አይደሉም፤ ብዙ አስተማሪዎችም አይቀበሉም። ችግሩ ገንዘቡ በድብቅ መሆኑ ነው። የሚከፈለው በመጨረሻ ከእናንተ ኪስ ነው፤ ምክሩንም ወዳንድ ወገን ያዘነብለዋል። አስተማሪዋን መጠርጠር አያስፈልግም። «ይቅርታ፣ ሁሉንም ሱቅ ስለምጠይቅ ነው፤ ከዚህ ሱቅ ጋር የኮሚሽን ነገር አለሽ?» ቢሏት ቀና ሰው አይቆጣም። የሚቆጣ ካለ መልሱን አገኙ ማለት ነው። ለሰፈሩ ባለሱቅም ይኸው ጥያቄ ይቅረብላቸው።

የመጣውን ደጋን እሳቸው ጋ ወስዶ ስለማሳየት፦ ነውር አይደለም። ነውሩ በነፃ ማስመርመር ነው። ሳይናገሩ ከቫዮሊኑ ሳጥን ውስጥ አውጥቶ «እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ማለትም ነው። አስቀድመው ይደውሉ፤ የሌላ ሱቅ ደጋን መሆኑን ይንገሩ፤ «ለምርመራው ስንት ያስከፍላሉ?» ይበሉ። «ግዴለም» ቢሉም ይክፈሉ። ክርም፣ ጭራው ላይ የሚቀባውን ሮዚንም ገዝተው ቢወጡ አንድ ነገር ነው።

የሚጠይቁትንም ይምረጡ። «ይሄ ደጋን 1,400 ዶላር ያወጣል?» ብለው አይጠይቋቸው። ያወጣል ካሉ የራሳቸውን ሽያጭ ገደሉ። አያወጣም ካሉ ቅናት ይመስላል። ሰውን እንዲህ ያለ ማዕዘን ውስጥ ማስገባት ደግ አይደለም። መጠየቅ ያለባቸው ስለ ጤንነቱ ነው። ስንጥቅ አለው? ተጠግኖ ያውቃል? ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው? የዚህን መልስ በሙያቸው ይሰጣሉ፤ ለማንም አያዳሉም። እርስዎም ቤት የተወሰነውን ማየት ይችላሉ። ደጋኑን ፈታ አድርገው ፍሮጉን ወደ ዓይንዎ አስጠግተው በዘንጉ ርዝመት ወደ ጫፉ ያነጣጥሩ፤ ጠመንጃ እንደሚያልም ሰው። ዘንጉ ወደ ጭራው ጎንበስ ማለቱ የተፈጥሮው ነው። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከሸሸ ግን ያጠያይቃል። ከዚያ ጫፉን ብርሃን ላይ ይያዙ። ጭራው የሚገባበት ትንሿ አናት ከዘንጉ ጋር የምትገናኝበትን ቦታ፣ ከአንገቷ በኩል፣ በጥንቃቄ ይዩ። እዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ ያ ደጋን ይመለስ። አናቱ ላይ የተሰነጠቀ ደጋን ቢጠገንም ዋጋው ብዙውን ያጣል።

ደጋን ለሙከራ ስትቀበሉ ደግሞ የሰው ንብረት ነው የያዛችሁት። የተለመደው ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ይበቃል። ከዚያ በላይ ጆሮም ይደክማል። ከመቀበልዎ በፊት ስለ ሦስት ነገር ይስማሙ፦ መንገድ ላይ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ማን ይከፍላል፣ እናንተ ቤት ሳለ ቢጎዳስ፣ የመመለሻው ቀን መቼ ነው። የቤት ኢንሹራንሴ ይሸፍነዋል ብለው አይገምቱ፤ ደውለው ይጠይቁ። ሲመልሱ በመጣበት ቱቦ፣ በፊርማ በሚረከብ መላኪያ ይላኩ። በር ላይ ተጥሎ የሚቀር ዕቃ ሊሆን አይገባም። የሰፈሩም ሱቅ ቢሆን ፊርማ ያስፈርሙኝ ይበሏቸው። «እናንተን አምናለሁ» ቢሉም ወረቀቱ ለሁለታችሁም ይጠቅማል።

ልጅቷ ታውቀው ይሆናል፤ ግን ይድገሙላት። ጭራውን በጣት አይነኩም፤ የእጅ ቅባት ጭራውን ክሩ ላይ ያንሸራትተዋል። ማጥበቅ በልክ ነው፤ በዘንጉና በጭራው መካከል እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት ከበቂ በላይ ነው። ተጫውታ ስትጨርስ ታላላው። መኪና ውስጥ ጥላው አትሂድ፤ የሐምሌ ሙቀት ደጋንን ያጣምማል፣ ሌባም አለ። ጓደኞቿ እየተቀባበሉ አይሞክሩት። ሮዚንም ከመቀባት በፊት ሱቁን ትጠይቅ፤ አንዳንዱ ሱቅ አስቀድሞ ስለሚቀባ ሌላ እንዲደረብበት አይፈልግም። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ደጋኑን ራሱ ያበጃል፣ ጭራውንም ራሱ ይቀይራል። የቫዮሊኑ ግን ለሠለጠነ እጅ የሚተው ነው፤ ቤት ውስጥ ምንም ነገር ለማስተካከል አትሞክሩ።

ስትመርጡ ዋጋው ይሸፈን። ባለሱቁን «ዋጋውን አይንገሯት» ይበሏቸው። ደጋኖቹን በቁጥር ይሰይሙ። እርስዎ ወይም አስተማሪዋ ጀርባ ሰጥታችሁ ስሙ። ቀስ ያለ ረጅም ድምፅ ትጫወት፣ ከፍሮጉ እስከ ጫፉ። ከዚያ ደጋኑ የሚዘልበትን ፈጣን ነገር። ከዚያ ከክር ወደ ክር መሻገር። የሚገርመው ልጆች ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን የሚወዱት ደምቆ የሚጮኸውን ነው። በሦስተኛው ቀን ግን እጃቸው ወደ ሌላው ይሄዳል። ሳምንት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሙከራው ደግሞ የግድ በራሷ ቫዮሊን መሆን አለበት። አንዱ ቫዮሊን ላይ የሚዘምር ደጋን ሌላው ላይ ሊያፍን ይችላል።

ሕግ ነክ የሆነ ነገርም አለ፤ በተለይ አሮጌ ደጋን ከቀረበላችሁ። ፐርናምቡኮ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት አባሪ 2 ውስጥ ገብቷል። ታገደ ማለት አይደለም። እዚህ አገር ሕጋዊ የፐርናምቡኮ ደጋን ገዝቶ መጫወት ይቻላል። የድሮ ደጋኖች ጫፍ ላይ ያለችው ነጭ ሽፋን ግን የዝሆን ጥርስ ልትሆን ትችላለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ንግድን ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር ዘግታለች። ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲና ካሊፎርኒያ ደግሞ የራሳቸው ጥብቅ ሕግ አላቸው። ፍሮጉ ከባሕር ኤሊ ቅርፊት የተሠራም ያጋጥማል፤ እሱ የባሰ ነው። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ስትሄዱ ልጅቷ ቫዮሊኗን ይዛ የምትሄድ ከሆነ፣ በኤርፖርት የሚያከራክር ደጋን አያስፈልጋችሁም። ጫፉ ከአጥንት፣ ከብር ወይም ከሰው ሠራሽ ነገር የሆነ ይምረጡ። ደረሰኙ ላይ ዘንጉ፣ ጫፉና ፍሮጉ ከምን እንደተሠሩ ይጻፍላችሁ። ይህን አልጽፍም የሚል ሻጭ ካለ አትግዙ።

ስለ ዋጋ ክርክር አንድ ቃል። መርካቶ አይደለንም፤ ግን ጭራሽ አይጠየቅም ማለትም አይደለም። ወግ አለው። ሳይሞክሩ «ቀንሱ» አይባልም። የአንዱን ሱቅ ዋጋ ይዞ ሌላው ፊት ማውለብለብም አያምርም፤ በተለይ የእንጨት ደጋን ከሆነ ሁለቱ አንድ ዕቃ ስላልሆኑ ክርክሩ ራሱ ትርጉም የለውም። ልጅቷ መርጣ ስትጨርስ፣ ለመክፈል ተዘጋጅተው ሳለ፣ አንድ ጊዜ «የመጨረሻ ዋጋዎ ይሄ ነው?» ይበሉ። ትንሽ ይቀንሱ ይሆናል። ካልቀነሱ «የመጀመሪያውን ጭራ ቅያሪ ይጨምሩልን» ቢሏቸው ብዙዎች ይስማማሉ። ያም ጥሩ ገንዘብ ነው። ሁለቴ አይጠይቁ።

የማይሆነውን ደጋን ስትመልሱ ደግሞ ምክንያቱን በአጭሩ ይናገሩ። «ጫፉ ከበዳት»፣ «ድምፁ ሳሳባት» ይበቃል። ይህ ለባለሱቁ መረጃ ነው፤ ቀጥሎ የሚያቀርቡላችሁ ወደሚስማማት ይጠጋል። ለትልቁም ሱቅ ቢሆን ሌላ ጋ እየሞከራችሁ መሆኑን ይንገሩ። እነሱ ለምደውታል።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይኸው ነው። መጀመሪያ ወደ ሰፈራችሁ ሱቅ ሂዱ። ያሏቸውን አራቱን ሞክሩ። ሁለት ሦስት ካርቦን ጨምረው እንዲያቀርቡ፣ ከእንጨቱም እንዲያስመጡ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ስጧቸው። ከዚያ ውስጥ ልጅቷ የወደደችው ከተገኘ ሌላ አትፈልጉ፤ ከእሳቸው ግዙ። ሩቅ አገር በመቶ ዶላር የሚያንስ ቢኖርም። መለወጫውና ቅርበቱ ያካክሰዋል። ካልተገኘ ነግራችኋቸው ከትልቁ ሱቅ ሦስት አስመጡ። የእሳቸው ምርጥ የሆነውንም አብሮ ቤት እንዲቆይ ጠይቁና ከመጡት ጋር አንድ ላይ ይሰማ። የውጭው በግልጽ ከበለጠ ግዙት። በግልጽ ካልበለጠ ግን ወደ ሰፈራችሁ አዘንብሉ። ልጅቷ ራሷ ልዩነቱን መለየት ካልቻለች ልዩነት የለም ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስወጣ ሁኔታም አለ። ባለሱቁ ደጋን ቤት ወስዳችሁ እንዳትሞክሩ ከከለከሉ፣ «ዛሬ ካልወሰዳችሁት» እያሉ ካጣደፉ፣ ወይም ከሌላ ለማየት ማሰባችሁን ሲሰሙ ከእንግዲህ አልጠግንላችሁም ብለው ካስፈራሩ፣ የሰባት ዓመቱ ደንበኝነት አያስራችሁም። ከጥያቄዎ እንደማየው ግን ሰውየው እንዲህ ያሉ አይደሉም።

ከውጭ ከገዛችሁ ደጋኑን በመጀመሪያው ሳምንት ይዛችሁ ሂዱና አሳዩዋቸው። ጭራ ቅያሪውን፣ ክሩን፣ የቫዮሊኑን ጥገና እዚያው እንደምትቀጥሉ ንገሯቸው፤ ቀጥሉም። የእጅ አይቀበሉ የነበረበትን ሥራ ከአሁን በኋላ እንዲያስከፍሉ ጠይቁ። ለልጁ ቫዮሊን የሚከራይ ጓደኛ ካላችሁም ወደዚያ ላኩ። ለትንሽ ሱቅ አንድ አዲስ የኪራይ ቤተሰብ ማግኘት ካመለጠው የአንድ ደጋን ትርፍ ብዙም አያንስም።